ጋኑ ቧንቧ ይኑረው፦ ከአንዲት የድሬዳዋ ጠላ ጠማቂ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በድሬዳዋ የሙያ ሥልጠና፣ የአነስተኛ ሥራዎች ድጋፍና የመጠጥ ንጽሕና ቁጥጥር ለሚመለከታችሁ ሁሉ። ብየዳ ቤት ላላችሁ ወንድሞቼና ማኅበር አብረን ለምንጠጣ እህቶቼም ግልባጩ ይድረስልኝ።

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሙቀቱን እንዴት ይዛችሁታል? እኛ ሳቢያን ሰፈር ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ ከጥላ አንወጣም። ይህን የምጽፈውም ግቢዬ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው።

ጠላ ጠማቂ ነኝ። ሙያውን ያወረሰችኝ እናቴ ናት። ግራ እግሬን ደግሞ በልጅነቴ ፖሊዮ ይዞት በክራንች ነው የምሄደው። እነዚህን ሁለት ነገሮች አከታትዬ ስናገር ሰው ግራ ይጋባል። «በዚህ እግርሽ ጠላ?» ይሉኛል። ጠላ በእግር የሚጠመቅ ይመስል።

የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት ቃል ነው። «አትቸገሪ» ስለምትባለው።

የሚካኤል ማኅበር አለን። አሥራ ሁለት ሴቶች ነን፤ ተራው በዓመት አንዴ ይደርሳል። እናቴ በሕይወት ሳለች ተራችን ሲደርስ እሷ ታነሣለች፣ እኔ እለካለሁ። ጌሾውን የምወቅጠው፣ ብቅሉን የምለቅመው፣ እንኩሮውን የማምሰው እኔ ነበርኩ። እሷ ካረፈች በኋላ ግን ተራዬ ሲቃረብ እህቶቼ ቀድመው ከች ይላሉ። «አንቺ አትቸገሪ፣ እኛ እንጠምቅልሻለን።» ከልባቸው ነው፤ አንዳቸውንም አልወቅስም። ጌሾውን ይዘው፣ ጋናቸውን አሸክመው ይመጣሉ። የማኅበሩ ዕለት ጠላው ይቀርባል። አንዷ ጎንጨት ታደርግና «ውይ! የማን እጅ ነው?» ትላለች። ሁሉም ወደ ጓዳ ይጠቁማል። እኔ ሳሎን ተቀምጬ ዳቦ እቆርሳለሁ። በገዛ ቤቴ እንግዳ።

እንዲህ እያልን ሦስት ዓመት አለፈ። የእናቴ ጋን ጓሮ በጎኑ እንደተጋደመ ዶሮዋ ውስጡ እንቁላል መጣል ጀመረች።

ጠላ እኮ ይገዛል የሚል አይጠፋም። ቢራም አለ፤ የሐረር ቢራ ፋብሪካ ያለው እዚሁ ጎረቤታችን ነው። ግን ደጋሽ ጠላ ገዝቶ ሲያቀርብና ጠምቆ ሲያቀርብ አንድ አይደለም። ለክርስትና፣ ለተዝካር፣ ከቁልቢ ገብርኤል ለሚመለስ እንግዳ የሚቀዳ ጠላ የባለቤቱን እጅ ያስመሰግናል፤ ካልሆነም ያሳማል። መታማቱም ቢሆን የባለቤቱ ነው። እኔን የናፈቀኝ እሱ ራሱ ነበር። «ዘንድሮ ጠላዋ ቀጠነ» ተብዬ መታማት።

አንድ ጊዜ የባህላዊ መጠጥ ሥልጠና አለ ሲባል ሰማሁና ልመዘገብ ሄድኩ። ቦታውን አልጠራም፤ ማንንም ላሳጣ አይደለም የምጽፈው። ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን አረፍ እያልኩ ወጣሁት። መዝጋቢዋ ክራንቼን አየችና ፈገግ አለች። «እናቴ፣ ይሄ ከባድ ሥራ ነው። አትቸገሪ። ለእናንተ የሚሆን ሌላ ሥልጠና ሲመጣ እንደውልልሻለን» አለችኝ። ስልኬን ግን አልጠየቀችኝም።

«ለእናንተ የሚሆን» የሚባል ዝርዝር በሰው ሁሉ ጭንቅላት ውስጥ ተጽፎ የተቀመጠ ይመስለኛል። ሎተሪ ማዞር። ሚዛን ይዞ መንገድ ዳር መቀመጥ። ጫማ መጥረግ። ዶቃ መሰካት። ሁሉም የተከበረ እንጀራ ነው። እኔም ሎተሪ አዙሬያለሁ፤ ከከዚራ እስከ ለገሃር ያልተቀመጥኩበት ጥላ የለም። ግን ሎተሪ እንጀራ ሆነኝ እንጂ ሙያ አልሆነኝም። ሙያዬ ጋን ውስጥ ነበር።

ከዚያ ቢሮ ከወረድኩ በኋላ «ከባድ ነው» የሚለው ነገር አልለቀቀኝም። እውነት ከባዱ ምኑ ነው?

ጠምቃችሁ የምታውቁ ይህን አንቀጽ ዝለሉት። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ጌሾው ተወቅጦ በውሃ ይጠነሰሳል። ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ ቂጣው ተቆራርሶ፣ ብቅሉ ተፈጭቶ ይገባና ድፍድፍ ይሆናል። ቀጥሎ እንኩሮው፣ ማለትም በውሃ የተለወሰው ዱቄት፣ ምጣድ ላይ ታምሶ ይጨመራል። በመጨረሻ ውሃ ይሞላበትና ይከደናል፤ ሲደርስ ይጠለላል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ እውቀት የሚፈልገው የጥንስሱ ሰዓት፣ የእንኩሮው አበሳሰልና የጌሾው ልክ ነው። ድሬ ላይ ደግሞ ሙቀቱ ሁሉን ነገር ያጣድፈዋል። ደገኞች ሳምንት የሚጠብቁትን እኛ ካልነቃን ሆምጣጤ አድርጎ ያስረክበናል። ስለዚህ ድፍድፉን ማታ ማታ እንነካዋለን፤ ጋኑንም በእርጥብ ጆንያ እንጠቀልለዋለን። ለዚህ አፍንጫ፣ ምላስና ትዕግሥት ይበቃሉ። እግር አይጠይቅም። ዓይንም ቢሆን የግድ አይደለም፤ እሱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

ከባዱ ውሃው ነው። አንድ ቢጫ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል፤ 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። የእናቴ ጋን ሦስት ጀሪካን ይውጣል። 60 ኪሎ፤ ሸክላው ሳይቆጠር። ይህ ሁሉ ክብደት መሬት ላይ ቁጭ ብሏል። ለመቅዳት ወይ ታዘነብሉታላችሁ፣ ወይ ወገባችሁ እስኪቆረጥ ጎንበስ ብላችሁ በጣሳ ትጨልፋላችሁ። እኔ በአንድ እጄ ክራንች ይዤ በአንድ እጄ 60 ኪሎ ላዘነብል ነው? ሁለት ደህና እግር የነበራት እናቴ እንኳ በስተርጅና ወገቧን ይዛ የምትውለው በዚሁ ጋን ነው። እና ጣጣው የኔ እግር ብቻ አይደለም። ዕቃው ራሱ ለማይደክም ወገብ የተሠራ ነው።

ስለዚህ ቀላል ሐሳብ መጣልኝ። የሞላ ጋን አይንቀሳቀስ፤ ጠላው ራሱ ይምጣ። ቧንቧ ይኑረው።

ሐሳቡ ቀላል ነበር ያልኩት ቸኩዬ ነው።

የመጀመሪያውን ሙከራ በፕላስቲክ በርሜል አደረግኩት። 60 ሊትር የሚይዝ፣ ክዳኑ የሚጠመዘዝ ሰማያዊ በርሜል ከታይዋን ገበያ ገዛሁ። የቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁና «ከታች ብሳልኝ፣ ከሥሩ፣ ምንም እንዳይቀርብኝ» አልኩት። ስስት ነው። የጠላ ሥር ላይ ያለው ደግሞ አተላ ነው። ቀኑ ደርሶ ቧንቧውን ስከፍት ጠብ የሚል ነገር የለም። አተላው ወትፎታል። ሽቦ አምጥቼ ጎረጎርኩ። እንቢ አለ። ጠንከር አድርጌ ስጎረጉር ቧንቧው ከነጎማው ተስፈንጥሮ ወጣ። ጠላው ጓዳውን አጥለቀለቀና ወደ ሳሎን አለፈ። እኔ በርጩማዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ነጠላ ጫማዬ ተንሳፍፎ ወደ በሩ ሲሄድ አያለሁ። ክራንቼ ወድቋል፤ መነሣት አልችልም። ሳቄ መጣ። ጎረቤቶቼ ድምፅ ሰምተው ሲገቡ ጠላ መሃል ተቀምጬ ስንከተከት አገኙኝ። ጠጥታ ነው ተብሎ ተወራ። አቦ፣ አንዲት ጠብታ አልቀመስኩም!

ያ ቀን ብዙ አስተማረኝ። ቧንቧው ከሥሩ አራት ጣት ከፍ ማለት አለበት፤ አተላው ከበታቹ ይተኛ። ከውስጥ በኩል አፉ ላይ ንጹሕ ወንፊት ይታሰርበት። ጎማው በሁለቱም በኩል ይግባ። ቧንቧው የፕላስቲክ ቢሆን ይሻላል፤ ጠላ ኮምጣጣ ነው፣ ብረቱን ይበላዋል። ደግሞ የድሬን ውሃ ታውቁታላችሁ። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ያንን ነጭ ቅርፊት የሚጋግረው ኖራ ቧንቧንም ይደፍናል። እኔ በየጥምቀቱ መሃል ፈታ አድርጌ በሎሚ ውሃ እዘፈዝፈዋለሁ።

ፕላስቲኩ ግን አንድ ነገር ቀረው። ወይራ አይታጠንም። ጢስ የማያውቅ ጠላ ለኔ ጠላ አይደለም። ስለዚህ ሸክላ ሻጯ ጋ ሄድኩና «ከሥሩ አራት ጣት ላይ ቀዳዳ ያለው ጋን አሠሪልኝ፤ ሳይቃጠል በፊት ይበሳ» አልኳት። አፍጥጣ አየችኝ። «ቀዳዳ ጋን? ነገ የሚያፈስ ጋን ሸጠችልኝ ልትይ ነው?» በስንት ልመና ተሠራልኝ። አሁን ያ ጋን ከመሬት 60 ሳንቲም ከፍ ያለ የብረት ማቆሚያ ላይ ተቀምጧል። ባዶውን ሰው አውጥቶልኛል፤ ከዚያ ወዲህ አልወረደም። እዚያው ይታጠባል፤ እጣቢው በቧንቧው ይወርዳል። በገል ላይ የጨሰ ወይራ ውስጡ አስቀምጬ ስከድነው እዚያው ይታጠናል። ውሃው በጎማ ከግቢው ቧንቧ ይመጣል። ጠላው ሲደርስ እኔ በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ ቧንቧውን እከፍታለሁ፤ መጥለያውና እንስራው ከሥር ናቸው። ከወንበሬ አልነሣም።

ማቆሚያውን የበየደልኝ የሰፈሬ ልጅ ነው። ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ይህቺ ከተማ እኮ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ነው፤ ብረት መቁረጥና መበየድ እዚህ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ነው። አራት እግርና አንድ ቀለበት ያለው ማቆሚያ ለድሬ ልጅ ጨዋታ ነው። ያዘዘው ሰው ስላልነበረ ነው እንጂ።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ልሂድ። ዓይናቸውን በጎልማሳነታቸው በግላኮማ ያጡ እናት ናቸው። ከመጥፋቱ በፊት ጠላ ይሸጡ ነበር፤ በራቸው ላይ ጣሳ የተደፋበት እንጨት ይቆም ነበር። ዓይናቸው ሲጠፋ ልጆቻቸው ጣሳውን አወረዱት። «እማዬ፣ አትቸገሪ።» ይኸው ቃል።

የኔን ጋን ያዩት በእጃቸው ነው። ማቆሚያውን ዳሰሱ፣ ቧንቧውን አገኙ፣ ከፍተው ዘጉት። ከዚያ ምንም ሳይሉ እጃቸውን እስከ ትከሻ ጋኑ ውስጥ አስገቡ። ውስጡን በጣታቸው ዙሪያውን አሹት። «አልታጠበም» አሉኝ። እኔ ጠዋት በግራዋ አጥቤ ጨርሻለሁ! «ጣቴ ያንሸራትተኛል። የታጠበ ጋን ጣት ይይዛል፤ ሲያሹት ይንጫጫል።» ጣታቸውን አንገቱ አካባቢ ሲያሹት እውነትም ጢጥ ጢጥ ይላል። ከሥር በኩል ግን ዝም። ደግሜ አጠብኩት። በዓይኔ ሳየው ንጹሕ ነበር፤ ዓይኔ ሲያታልለኝ ስንት ዓመት እንደኖረ እግዜር ይወቀው።

እሳቸው ውሃ የሚለኩት ፍንጭት ባለው ዘንግ ነው። አንድ ፍንጭት አንድ ጀሪካን። እንኩሮውን በመዓዛው ያውቁታል፤ ማረር ሊጀምር ሲል ከኔ ቀድመው «አውጪው» ይላሉ። ዕቃ ሲገዙም ከሥሩ ይዳስሱታል። ብዙ ፕላስቲክ ከሥሩ ሦስት ማዕዘን ውስጥ የወጣ ቁጥር አለው፤ ቢጫው ጀሪካን ላይ ብዙ ጊዜ 2 ነው። ቁጥሩ የፕላስቲኩን ዓይነት ይናገራል እንጂ ድሮ ምን እንደተያዘበት አይናገርም። ኬሚካል የነበረበት በርሜል ምን ቢታጠብ ለጠላ አይሆንም። ይህን ለሚያይም ለማያይም ሰው ጮክ ብላችሁ ብትነግሩልን ደስ ይለኛል፤ ገበያው ውስጥ አሮጌ በርሜል ሞልቷል።

ሦስተኛው ሰው የእህቴ ልጅ ነው። መስማት የተሳነው ጎረምሳ ነው። እሱ ደግሞ አንድ ነገር ፈጠረልን። ጠላ ሲፈላ አየር ያወጣል። ጀሪካን ውስጥ ጥርቅም ተደርጎ ከተዘጋ ይነፋና ይፈነዳል፤ የደረሰበት ያውቀዋል። ልጁ ከፋርማሲ አዲስ የግሉኮስ ቱቦ ገዛ። አንዱን ጫፍ በክዳኑ አሳልፎ ዙሪያውን ደፈነ፤ ሌላውን ጫፍ ግማሽ ውሃ ባለው ሃይላንድ ውስጥ ነከረ። አየሩ በውሃው ውስጥ ይወጣል፤ ከውጭ ግን ትንኝም አቧራም አይገባም።

አንድ ማታ ሁለቱ ሃይላንዷ ፊት ተቀምጠው አገኘኋቸው። እሳቸው ጆሯቸውን ጣል አድርገዋል። ቡልቅ። ቡልቅ። ቡልቅ። እሱ አረፋውን በዓይኑ ይቆጥራል። እሳቸው በድምፁ፣ እሱ በአረፋው፣ እኩል ጣታቸውን ያነሣሉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። መሃል ላይ ተሳሳቱና ተጣሉ። ማን እንደተሳሳተ እስካሁን አልተስማሙም። ቡልቅታው ሲዘገይ ጠላው እየደረሰ ነው። ለዚህ ዕቃ ያወጣነው ገንዘብ ከአንድ ኪሎ ጌሾ ያነሰ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የገረመኝን ላንሣ። አሜሪካ ውስጥ ቢራ በቤት መጥመቅ በፌዴራል ሕግ የተፈቀደው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። ትናንት ማለት ነው። ዛሬ ቧንቧ ያለው ባልዲ፣ አየር ማውጫ ያለው ክዳን፣ የሚናገር ሚዛን፣ የሚናገር ቴርሞሜትር ከሱቅ ይገዛሉ። እኛ ማንም ሳይፈቅድልን ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ስንጠምቅ ኖረን ጋናችን እስከ ዛሬ መሬት ላይ ቁጭ ብሏል። ጠላውን እንዳለ ጠብቀን ዕቃውን ብንለውጥ ምን ይጎድልብናል?

አረቄን ግን አልጠይቅም። አስቀድሜ ልናገር፣ በኋላ እንዳታምታቱብኝ። አረቄ ክፍት እሳት ላይ የሚወጣ ነገር ነው፤ እንፋሎቱ ይቀጣጠላል። ፈጥኖ መሸሽ የማይችል ሰው እዚያ አጠገብ ብቻውን ባይቀመጥ ይሻላል። ሜታኖል የገባበት መጠጥ ደግሞ ራሱ ዓይን ያጠፋል፤ በማሽተትም በመቅመስም አይለይም። የኔ ነገር ጠላና ጠጅ ነው።

ከተማችን ደግሞ የሁሉም ናት። ጠላ ደጃፉ የማይደርስ ብዙ ጎረቤት አለኝ፤ አክብረውኝ አክብሬያቸው እንኖራለን። ለቅሪቦም፣ ጌሾ ለማይገባበት የገብስ መጠጥ፣ ቢሆን ዕቃው ያው ነው። ቧንቧው ሃይማኖት አይለይም። «አካል ጉዳተኛን መጠጥ ልታስለምጂ ነው?» ላለኝ አንድ ሰው ደግሞ እዚህ ልመልስለት። ዳቦ ጋጋሪ ሁሉ አይወፍርም። ትልቅ ሰው መጠጣት አለመጠጣቱን ራሱ ይወስናል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ ከልክሏል፤ እኛም እንደማንኛውም ሻጭ እናከብረዋለን።

ሕግ ካነሣሁ አይቀር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት ይመድባል ይላል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው የሥራና የሥልጠና ቦታውን ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ እንዲያመቻች ያዛል። ደግ ነው። ግን አሠሪ የሌላት ሴትስ? እኔ የራሴ አሠሪ ነኝ። ጓዳዬን እንዲያመቻች ማንን ልክሰስ? ራሴን? ለዚህ ነው ወደ እናንተ የምጽፈው።

የምለምናችሁ ብዙ አይደለም።

የባህላዊ መጠጥ ሥልጠና ስታዘጋጁ ምድር ቤት ይሁን። ፎቁ ላይ ያለው ጠረጴዛ ጠላ አይጠምቅም። ደጃፉ ላይ ደረጃ ካለ መወጣጫ ይሠራለት፤ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው ልኩ። 15 ሳንቲም ላላት አንዲት ደረጃ 1 ሜትር ከ80 ሳንቲም ይበቃል። ከአንድ አልጋ ያጠረ። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይኑር። ለማያዩ ሰዎች ደግሞ ሥልጠናው በቃል ብቻ አይለቅ፤ ጋኑን፣ ብቅሉን፣ እንኩሮውን ይዳስሱት። ከሁሉም በላይ መዝጋቢዋ «ይከብድሻል» ከማለቷ በፊት «ምን ይመችሻል?» ብላ ትጠይቅ።

የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ብየዳ ሲለማመዱ አያለሁ፤ ብረት ይቆርጣሉ፣ ይበይዳሉ፣ መልሰው ይቆርጡታል። ያ መለማመጃ የጋን ማቆሚያ ቢሆንስ? ጥቂት ሠርታችሁ በተለያየ ሰው ሞክሩት። ለእኔ 60 ሳንቲም ተመችቶኛል። ዊልቸር ላይ ላለ ሰው ግን ጉልበቱ የሚገባበት ክፍተት ያስፈልገዋል፤ የሚሠራበት ጠረጴዛ ከሥሩ 70 ሳንቲም ያህል ክፍት ይሁን፤ ቧንቧውም ወደ ጠርዙ ቀርቦ ክንድ የሚደርስበት ይሁን። አንድ እጅ ላለው ሰው ዕቃው እንዳይንሸራተት ከሥር የካላማዳሪ ቁራጭ አንጥፉለት። ኤሌክትሪክ ምጣዱም ከወለል ተነሥቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ እንኩሮ ማመስ ቁጭ ተብሎም ይሆናል። ይህን ሁሉ ከኔ አትስሙ፤ ሰዎቹን ጠርታችሁ ጠይቁ። እኔ የማውቀው የኔን እግር ነው።

ሼድ ስትሰጡ ለአካል ጉዳተኛ የሚደርሰው ጥግ ያለው፣ ውሃ የራቀው እንዳይሆን አደራ። ውሃ ከሌለ ቧንቧው ምን ያደርጋል? ጀሪካን የሚያመላልስ ባጃጅ ትርፉን ይበላዋል።

ንጽሕና ለምትቆጣጠሩ ደግሞ አንድ ነገር። ጎረቤቴ ጣሳቸውን መልሰው ካቆሙ በኋላ አንድ ቀን ንጽሕና የሚቆጣጠሩ ሰዎች ሊያዩ መጡ። ማየታቸው ልክ ነው፤ እኔም ንጹሕ ያልሆነ ጠላ አልጠጣም። ግን የታዘዙትን በወረቀት ጽፈው ሰጧቸውና ሄዱ። ለዓይነ ስውር ሴት። እኔ ለለቅሶ ክፍለ ሀገር ሄጄ ነበር። ሳምንት ሙሉ ወረቀቱን ትራሳቸው ሥር አድርገው፣ «ሊዘጉብኝ ነው» እያሉ እንቅልፍ አጥተው ጠበቁኝ። ስመጣ አነበብኩላቸው። «እንስራው ክዳን ይኑረው» ይላል። በቃ ይህቺው። ክዳኑ ሳይገዛ ሳምንት ያለፈው ስላላነበቡት ነው። በቃል ብትነግሯቸው ኖሮ ያን ዕለት ይገዛ ነበር።

እህቶቼ የማኅበሬ ሴቶች፣ እናንተንም አልረሳሁም። ዘንድሮ ኅዳር 12 ተራው የኔ ነው። ጌሾ ይዛችሁ እንዳትመጡ። መምጣት ከፈለጋችሁ ወገብ ለመያዝ ሳይሆን ለመቅመስ ኑ። ቀጥኖ ካገኛችሁት እሙኝ፤ ፈቅጃለሁ።

የቢሮ ሰዎችም ብትመጡ ደስ ይለኛል። ጥንስሱን ጥቅምት 28 ማታ እጀምራለሁ። ጎረቤቴ ጋኑን በጣታቸው ይፈትሹልኛል፣ ልጁ ቱቦውን ያስገባልኛል። ቧንቧው የሚከፈተው ኅዳር 11 ከሰዓት በኋላ ነው። ሜትር ይዛችሁ ኑ፤ ማቆሚያውን ለክታችሁ ለብየዳ ልጆቹ ትሰጧቸዋላችሁ። ቤቴ ሳቢያን ነው፤ ኒም ዛፍ ያለበት ግቢ ብላችሁ ጠይቁ። በሩ ላይ ደረጃ የለም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንዲት ጠላ ጠማቂ፣ ድሬዳዋ